አባወራ ሲቆጥብ

ኑሮ በተወደደ ቁጥር በየቤቱ አንድ ዓይነት ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው አባወራው ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም እሱ፣ ድምፅ ቆጣሪውም እሱ። አጀንዳው «ምን እንቀንስ?» የሚል ሲሆን ውሳኔው ግን ከስብሰባው በፊት ተወስኖ ያደረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ ስብሰባው መደበኛ ሆኗል። ጤፉ አይነካም፣ ዘይቱ አይነካም፣ የቤት ኪራዩ እንዲያውም ራሱ ነው የሚነካን። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት ጥግ ይዞራል። እዚያ ሁለት ሳጥኖች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የዲኤስቲቪ ዲኮደር፣ ሌላው አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል የዋይፋይ ራውተር። ሁለቱም በየወሩ ይበላሉ። ከሁለቱ አንዱ ይሰናበት ሲባል ቀድሞ የሚሰናበተው ራውተሩ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ልጆቹን አበላሸ» ይባላል። ዲኮደሩ ማንን እንዳበላሸ የሚጠይቅ የለም፤ ጠያቂው ራሱ ተመልካቹ ነዋ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ከራስ ሲቀንሱም አያበዙም። እኔ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። ከሁለቱ አንዱን መዝጋት ግድ ከሆነ የሚዘጋው ዲኮደሩ ነው፤ ራውተሩ ይቆይ። ይህን የምለው ለልጆቹ አድልቼ ወይም በኳስ ተመልካች ቀንቼ አይደለም። ሂሳቡ ነው እንዲህ የሚለው።

በመጀመሪያ ዲኮደሩ ሲዘጋ ከቤት ምን እንደሚወጣ እንይ። ቴሌቪዥን ይወጣል የሚል ካለ ተሳስቷል። በሌላው ዓለም ለቴሌቪዥን የሚከፈልበት ገመድ አለ፤ ገመዱ ሲቋረጥ ብዙው ነገር አብሮ ይቋረጣል። እዚህ ግን ቴሌቪዥን ከሰማይ በነፃ የሚወርድ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ምርጫው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ ያኔ ሪሞት የነበረው ሰው እንኳ ድምፅ ከመጨመርና ከመቀነስ ያለፈ ሥራ አልነበረውም። በ2000 ኢቢኤስ መጣ፣ በ2008 ቃና ቱርኮቹን አማርኛ እያናገረ ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ የተከፈተውን ጣቢያ ሁሉ መቁጠር ለጠንቋይም ይከብዳል። በ2012 ኢትዮሳት ሲጀምር ዕድሜ ልኩን በስተምዕራብ ወደ ናይልሳት ሲያይ የኖረው ሳህን ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዲያዞር ተደረገ፤ የዲሽ ሠራተኞችም ከጣራ ጣራ ሲዘሉ ከረሙ። ሳህኑን አንዴ ያስተካከለ ሰው ለሳተላይቱ በወር የሚከፍለው ነገር የለም። ስለዚህ ዲኮደሩ ተዘጋ ማለት ዜናው ቀረ ማለት አይደለም፤ ተከታታይ ድራማው፣ የእሁድ መዝናኛው፣ ስብከቱና መንዙማው እንዳለ አለ። ጥቂት የፊልምና የሕፃናት ጣቢያዎች ይሄዳሉ፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የሚሄደው ኳስ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሱፐር ስፖርት የሀገራችንን ፕሪሚየር ሊግ ማሳየት በመጀመሩ «የሀገሬን ሊግ ልደግፍ ነው» የሚል መከላከያ ተገኝቶ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን አርሰናል ነው። የፓኬጆቹ ስም ራሱ ሳያስጠነቅቅ አልቀረም፦ ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ። ከጎጆው ተነስቶ፣ ቤተሰቡን አልፎ፣ ሜዳ ላይ!

ኳስ ደግሞ እዚህ ሀገር ብቻን የሚታይ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቴሌቪዥን ብርቅ በነበረበት ዘመን የሰፈር ልጅ ሁሉ ባለቴሌቪዥኑ ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር፤ ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት መጣ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ በሳንቲም የሚገባበት፤ ከዚያ ዲኤስቲቪ ቤት። የዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ የሚቆመውን ሰሌዳ ያላየ የከተማ ሰው የለም። በጠመኔ፣ በሁለት ቀለም፣ የክለቦቹ ስም እንደተነገረ ተጽፎ፣ ከጎኑ ሰዓቱ፦ 8፡30፣ 11፡00፣ 1፡30። ጥቅምት አጋማሽ ላይ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይገፋና 9፡30፣ 12፡00፣ 2፡30 ይሆናል። የልጁ ፈተና በየትኛው ሳምንት እንደሆነ የማያውቅ አባት ይህች ለውጥ አታመልጠውም። ከሰሌዳው ጀርባ ያለው አሠራር ግን ብልህ ነው። አንድ ክፍያ፣ አንድ ትልቅ ስክሪን፣ መቶ ተመልካች፤ ከመቶው እያንዳንዱ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ክለብ በእንግሊዝ ሊግ በዓመት 38 ጨዋታ አለው፤ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ሲበተን በወር አራት ገደማ ይደርሳል። የራሱን ክለብ ብቻ የሚከታተል ሰው በወር አራት ጊዜ መግቢያ ከፍሎ ይገላገላል። ቤቱ ያለው ዲኮደር ግን እሱ ለሚያያቸው አራት ጨዋታዎች ብቻ ሳይሆን ለማያያቸው ክሪኬትና ጎልፍም ያስከፍለዋል። ሊጉ ግንቦት ላይ ተጠናቆ ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ባዶ ሜዳና የአምና ጎሎች ድግግሞሽ ቀርቦለት ክፍያው እንዳለ ይቀጥላል። ክፍያው በየወሩ አስቀድሞ የሚፈጸም ስለሆነ ክረምቱን ዝም ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ የዝውውር ወሬ የማይታለፍ ጉዳይ ሆኖባቸው የማይዘጉት ግን ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ራውተሩ እንምጣ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ እንጀራ አይጣድም። ምጣዱ እስኪግል የሚበላው መብራት ለአንድም ለሃያም እንጀራ ያው ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሊጥ ይስተናገዳል፤ ዋይፋይም ያንኑ ነው። አንዴ ከተከፈለበት በኋላ አምስተኛው ስልክ ሲጨመር ሂሳቡ አይጨምርም። ለስሌት እንዲያመች ያህል የቤቱ ዋይፋይ በወር 1,000 ብር ነው እንበል፤ ይህ የማንም ታሪፍ አይደለም፣ አንባቢ የራሱን ቁጥር ያስገባ። አምስት ሰው ካለ ለነፍስ ወከፍ 200 ብር ይደርሳል፤ በቀን ከ7 ብር በታች። ዋይፋዩ ተቆረጠና እያንዳንዱ *999# እየደወለ በቀን የ15 ብር ጥቅል ገዛ እንበል። በወር 450፣ ለአምስቱ 2,250። አባወራው 1,000 ብር አድኖ ቤተሰቡ 2,250 አወጣ ማለት ነው። ይህን አባወራው አያየውም፤ አለማየቱ ነው ደስታው። ቀድሞ በአንድ ደረሰኝ ተጠቃልሎ ይመጣ የነበረው ወጪ አሁን እንደ አቧራ በየቀዳዳው ይገባል። ከፊሉ ከአስቤዛው ይወጣል፣ ከፊሉ ከልጁ የታክሲ ገንዘብ፣ ከፊሉ «አክስቴ ሰጠችኝ» ከሚባለው ካዝና። በወሩ መጨረሻ ሽንኩርቱ ለምን ቶሎ እንዳለቀ ምርመራ ይቋቋማል እንጂ ጥቅሉን የሚጠረጥር የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሁሉም የሚያስበው ስለ ትዕግሥትና ስለ ጥሪት ነው፤ ወጪም እግር አለው። በዚህ ላይ ጥቅሉ ሳይታወቅ ሲያልቅ ዳታው ወደ ዋናው ሂሳብ ይዞርና ካርድ ይበላል፤ «ውድ ደንበኛችን» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ከተበላ በኋላ ነው። የሌሊት ጥቅል ይረክሳል ብሎ የተከራከረ ልጅ ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያመሽና ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲቀሰቅሱት የሞተ ይመስላል። ይህ እንቅልፍ በየትኛው መዝገብ እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ከቁጠባው ላይ ግን መቀነስ አለበት።

ነገሩን ከእኔ ይልቅ ኩባንያዎቹ ያስረዱታል። አሜሪካ ውስጥ ሰው የኬብል ቴሌቪዥኑን እያቋረጠ ወደ ኢንተርኔት መሄድ ከጀመረ ቆይቷል፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ለኬብል መክፈላቸውን ትተው የሀገር ቤቱን ፕሮግራም በዩቲዩብ ሲከታተሉ ከርመዋል። የተቆረጠው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ኢንተርኔቱን የነካ የለም። በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢንተርኔት ፊልም ማሳየት የጀመረው ኔትፍሊክስ ለዓመታት ፓስዎርድ መዋዋሱን በዝምታ አለፈ፤ በ2023 ግን «ሌላ ቤት ያለ ሰው የራሱን ይክፈል» አለ። በ2022 የዲኤስቲቪ ባለቤት መልቲቾይስም በአንድ ሂሳብ በኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ማየት የሚቻለውን ወደ አንድ መሣሪያ አውርዶ ነበር። እነዚህ ድርጅቶች ሂሳብ የሚሠሩት አጥንተው ነው። ደንበኛ የሚያተርፈው ሲጋራ መሆኑን ከማንም በላይ ስለሚያውቁ የመጋሪያውን በር ይዘጋሉ። የእኛ አባወራ ግን ማንም ሳያስገድደው የተጋራውን ራውተር ዘግቶ ብቻውን የሚያየውን ዲኮደር ያቆያል። ሻጭ ቢሆን ኖሮ ይሸለም ነበር።

«ልጆቹን አበላሸ» የሚለውን ክስ ግን በቀልድ ማለፍ አይገባም። ቲክቶክ ላይ ተደፍተው የሚያመሹ ልጆች አሉ፤ ጥያቄው ራውተሩ ሲነሳ ቲክቶኩ ይነሳል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ትልቅ ሙከራ ሀገሪቱ ሳትወድ አድርጋለች። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። በዚያ ጊዜ ሰው መጽሐፍ ወደ ማንበብ ዞረ የሚል ወሬ አልተሰማም። የተሰማው ቪፒኤን ነው፤ ከዚያ በፊት ቃሉን ሰምተው የማያውቁ እናቶች «ቪፒኤኔ እንቢ አለኝ» ማለት ጀመሩ። አንድ መንግሥት ያልቻለውን አንድ አባወራ በአንድ ራውተር ይችላል ብሎ ማሰብ ድፍረት ይጠይቃል። እንዲያውም ለመቆጣጠር የሚመቸው ራውተሩ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሶኬቱን መንቀል ይቻላል፣ ሳሎን መሃል ስለሚቀመጥ ማን እንደነካውም ይታያል። በልጁ ኪስ ያለውን ጥቅል ግን ማን ይነቅለዋል? በሌላ በኩል ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ የቤት ሥራውን በቴሌግራም መላክ የለመዱ መምህራን ከዚያ በኋላም አልተውትም። ራውተሩ የተነሳበት ቤት ልጅ «የቤት ሥራዬን ላውርድ» እያለ ጥቅል ሲጠይቅ እውነቱን ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ የለም። አባትየው ቁጥጥር ፈልጎ ልጁን የማይሻር ምክንያት አስታጠቀው።

ሌላው ተቃውሞ ከአባወራው ሳይሆን ከእማወራዋ የሚመጣ ነው፤ ይኸኛው ጥርስ አለው። «ኳሱን ውጭ ሄዶ ይይ ትላለህ፤ ውጭ የሄደ ሰው መግቢያ ብቻ ከፍሎ ይመለሳል?» አይመለስም። ማኪያቶው ይከተላል፣ ክለቡ ሲያሸንፍ ድራፍቱ፣ ሲሸነፍ ሁለት ድራፍት። አጠገቡ የስፖርት ውርርድ ቤት ይኖራል፤ ቲኬቷ ትንሽ፣ ተስፋዋ ሰፊ። ሁሉም ሲደመር ዲኮደሩ የረከሰ ይመስላል፤ እኔም እውነት እንደሆነ እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህ ወጪ የኳስ ወጪ አይደለም፤ የሰውየው ወጪ ነው። ቤት ዲኮደር ያለው ሰው ሁሉ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ቢገኝ ኖሮ ዲኤስቲቪ ቤቶቹ በማን ይሞሉ ነበር? ሰው ኳስ የሚያየው ከሰው ጋር ለመጮህ ነው፤ ጎል ሲገባ ከሶፋ ጋር አይተቃቀፉም። ለቤቱ ዲኮደር እየከፈለ ትልቁን ጨዋታ ውጭ የሚያይ አባወራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ዲኮደሩን ሲዘጋ ቢያንስ አንዱ ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ ክርክሬን የሚያጎብጠው ሌላ ነገር ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ኳስ የምትወድ ሴት ልጅ፣ የማንቸስተርን ተሰላፊዎች ከአባቷ አስቀድማ የምትጠራ፣ ማታ ሁለት ተኩል ላይ ጭስና ግፊያ ያለበት ክፍል ገብታ ጥጓን ይዛ ታያለች ወይ? በሰፈሩ ሰሌዳ ላይ «ሴት አይገባም» የሚል አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገም። ስለዚህ መጋራት ይረክሳል የምንለው መጋራት ለተፈቀደለት ሰው ነው፤ ላልተፈቀደለት ዋጋው ከዲኮደሩም ይበልጣል። አካል ጉዳተኛው፣ አራስ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችው፣ ከቤት መውጣት የተሳናቸው ሽማግሌ፣ ለእነዚህ ዲኮደሩ ቅንጦት ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ሂሳቡ ይለወጣል፤ ዲኮደሩም ይቆይ። አባወራው ግን ይህን ምክንያት ለራሱ እንዳይዋሰው አደራ። እግሩ ጤነኛ ነው።

ስብሰባው ላይ ስሟ የማይነሳ አንዲት ሰው ደግሞ አለች፤ ዓረብ ሀገር ያለችው ልጅ። ብዙ ቤት ውስጥ ዲኮደሩን የገዛችው፣ አንዳንዴም ወርኃዊውን የምትልከው እሷ ናት። አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ በኢሞ ትደውላለች፤ እናቷ ስልኩን ወደ ጆሮ ያስጠጉትና «ፊትሽ አይታየኝም» ይላሉ፣ የልጅ ልጅ መጥቶ ስልኩን ይገለብጥላቸዋል። ይህ ጥሪ የሚያልፈው በዋይፋዩ ነው። ዋይፋዩ ሲቋረጥ ምስሉ በጥቅል ይሆናል፤ ጥቅሉ ወሬው መሃል ላይ ያልቃል፤ ልጅቱ እዚያ ሆና «አሁን ምን ነካቸው?» እያለች ታድራለች። በእሷ ገንዘብ የተከፈተው ዲኮደር ኳስ እያሳየ፣ የእሷ ድምፅ የሚገባበት በር በቁጠባ ስም ተዘጋ። የቤተሰብ በጀት በድምፅ ብልጫ ይጽደቅ ቢባል ከባሕር ማዶ ያለችውም ድምፅ አላት፤ መዋጮዋማ ከሁሉም ይበልጣል።

ብቻውን የሚኖር ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም። የሚጋራው ስለሌለ ራውተሩም ዲኮደሩም ለእሱ ያው ናቸው፤ ጥቅል ገዝቶ ኳሱን ውጭ ቢያይ ያተርፋል። ቁጠባ ሲመክሩ የምንሰማቸው ወጣቶችም አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ምክራቸው ስድስት ሰው ያለበት ቤት ሲደርስ ግን አይሠራም። ስድስቱ ቢፈልጉ ከዚያም አልፎ መሄድ ይቻላል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ የአንድ ፎቅ ጎረቤቶች አንድ ጠንከር ያለ መስመር አስገብተው ይካፈላሉ፣ ውሉ መፍቀድ አለመፍቀዱን አስቀድሞ ማየቱ ባይከፋም። እድርና እቁብ ያቋቋመ ሕዝብ ይህ አያቅተውም። ችግሩ መዋጮው ላይ አይደለም፤ ራውተሩ ማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ላይ ነው። ራውተሩ ያለበት ቤት መዋጮ ሲዘገይበት ለአሥር ደቂቃ ነቅሎ ያስታውሳል፤ ፎቁ በሙሉ በአንዴ በር ይከፍታል። ቅዳሜ ማታ ፍጥነቱ ሲወርድ ደግሞ ማን እያወረደው ነው የሚል ጣት መቀሳሰር አለ። ሁለተኛው በር ላይ ያለው ጎረምሳ ጌም እያወረደ ነው ይባላል፤ የጎረምሳው እናት በበኩላቸው አራተኛው በር ያሉት አባወራ ዲኮደራቸውን ለቁጠባ ከዘጉ ወዲህ በቴሌግራም በሚላክ ሊንክ፣ መኝታ ቤት ገብተው፣ ድምፁን ቀንሰው፣ አርሰናልን እያዩ ነው ይላሉ።